ስለ ዓሣ ገንዳ የውኃ ማጣሪያ ማንጠባጠብ፤ ምክንያቱና መድኃኒቱ

መግቢያ

ዓሣን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ እያኖረ የሚያጠና ሰው ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ የውኃ ማጣሪያው ማንጠባጠብ ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ከማጣሪያው ሥር ጥቂት ርጥበት ይታያል፤ በጨርቅ ይጠረጋል፤ በማግሥቱም ተመልሶ ይገኛል። ሒሳቡን ላሰበው ሰው ግን ጉዳዩ የሚናቅ አይደለም። 20 ያህል ጠብታ 1 ሚሊሊትር ይሞላል። ስለዚህ በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚያወርድ ክፍተት በ24 ሰዓት ውስጥ 86,400 ጠብታ፣ ይኸውም ከ4 ሊትር በላይ ውኃ ያፈሳል። ማተሚያው ጎማ ከሥፍራው ጨርሶ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ውኃው በጠብታ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጅረት ይወርዳል። ከዚህ የተነሣ አንድ ተማሪ የቆሮሶ ጫጩቶችን በተለያየ ምግብ እያሳደገ ለሦስትና ለአራት ወር የደከመበት ሙከራ በአንድ ሌሊት ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ማጣሪያው ሲያንጠባጥብ ብዙ ሰዎች ዕቃው ተሰብሯል ብለው ወዲያው አዲስ ለመግዛት ያስባሉ፤ ወይም ባገኙት ማጣበቂያ በሚታየው ርጥበት ላይ ይለጥፉበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም አካሄድ የተሳሳተ መሆኑን ማስረዳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም፤ የተበላሸው በሁለት ገጽታዎች መካከል የነበረው መገጣጠም ነው። ውኃው የሚታይበት ሥፍራና ውኃው የሚወጣበት ሥፍራም አንድ አይደሉም። ስለሆነም ከማናቸውም ጥገና በፊት የሚወጣበትን ሥፍራ ለይቶ ማወቅ ይገባል። ይህንንም ለማወቅ የሚረዳው ዋናው መሣሪያ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ እርሱም ሞተሩ ሲሠራና ሞተሩ ሲቆም የሚሆነውን ማነጻጸር ነው።

1. የማጣሪያው አሠራር

እዚህ የምንናገርለት ማጣሪያ ካኒስተር የሚባለው ነው። ይህ ማጣሪያ ትንሽ በርሜል የመሰለ የፕላስቲክ ዕቃ ሲሆን ከገንዳው ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜም ገንዳውን ከሚሸከመው ጠረጴዛ ሥር ይቀመጣል። አንደኛው ቱቦ ውኃውን ከገንዳው ያወርዳል። ውኃው በበርሜሉ ውስጥ ባሉት ስፖንጆችና ቀዳዳ በበዛባቸው የሸክላ ቁርጥራጮች መካከል ያልፋል። ከዚያም በክዳኑ ውስጥ ያለው ሞተር በሁለተኛው ቱቦ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል።

አሠራሩ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። እንደ ኤሃይም ክላሲክ ባሉት ዓይነቶች ውኃው ከበርሜሉ ግርጌ ገብቶ ከላይ በሞተሩ በኩል ይወጣል። እንደ ፍሉቫል ባሉት ደግሞ ሁለቱም ቱቦዎች በክዳኑ ላይ ባለ አንድ ቫልቭ ያለው መያዣ ይገናኛሉ። በሁሉም ዘንድ ግን ውኃ ሊወጣባቸው የሚችሉት መገጣጠሚያዎች አራት ናቸው። እነርሱም በክዳኑና በበርሜሉ መካከል ያለው ትልቁ የጎማ ቀለበት፣ በቫልቮቹ ዙሪያ ያሉት ትናንሽ ቀለበቶች፣ ቱቦዎቹ የሚሰኩባቸው ጫፎች፣ እንዲሁም አልፎ አልፎ የፕላስቲኩ አካል ራሱ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ናቸው።

2. በማጣሪያው ውስጥ ስላለው ግፊት

ብዙ ሰዎች ውኃውን ወደ ውጭ የሚገፋው ሞተሩ ይመስላቸዋል። ከዚህም የተነሣ ፍሳሽ ሲያዩ ኤሌክትሪኩን ነቅለው ነገሩ ያበቃ መስሏቸው ይሄዳሉ። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ማጣሪያው ከገንዳው በታች ስለሆነ በውስጡ ያለው ግፊት የሚመጣው በዋናው ከውኃው ክብደት ነው። የ1 ሜትር የውኃ ከፍታ በየ1 ካሬ ሴንቲሜትሩ ላይ የ100 ግራም ያህል ክብደት ያሳርፋል።

ለምሳሌ የገንዳው የውኃ ወለል ከማጣሪያው ክዳን 1.2 ሜትር ከፍ ያለ፣ የክዳኑም ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 ሴንቲሜትር ነው እንበል። የክዳኑ ገጽ 201 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ውኃው ክዳኑን ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ከ24 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር እኩል ነው። ይህን የሚሸከሙት በክዳኑ ዙሪያ ያሉት ጥቂት መቆለፊያዎች ናቸው። ኃይሉም ሞተሩ ሠራ አልሠራ ቀንና ሌሊት አይለቅም። ስለዚህ ፍሳሽ ሲታይ ኤሌክትሪኩን ከመንቀል ቀጥሎ በቱቦዎቹ ላይ ያሉትን ቫልቮች መዝጋት፣ ቫልቭ ከሌለም የቱቦዎቹን ጫፍ ከውኃው ማውጣት የግድ ነው።

አሁን ሞተሩ ሲነሣ ምን ለውጥ እንደሚሆን እንመልከት። ከሞተሩ በፊት ባለው ክፍል፣ ማለት በመግቢያው ቱቦና በበርሜሉ ውስጥ፣ ውኃው በወንፊቱና በስፖንጁ ሲያልፍ እንቅፋት ስለሚያጋጥመው ግፊቱ በጥቂቱ ይቀንሳል። ስፖንጁ በቆሸሸ መጠንም ቅነሳው ይበልጣል። ከሞተሩ በኋላ ባለው ክፍል፣ ማለት በመውጫው ቱቦ ውስጥ፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ የመውጫው ቀዳዳዎች በአረንጓዴ ሻጋታ ከተደፈኑ ወይም ቱቦው ከታጠፈ ጭማሪው ከፍ ይላል። በሌላ አነጋገር የትልቁ ቀለበት ከባድ ሸክም ሞተሩ በቆመ ጊዜ ሲሆን፣ የመውጫው መገጣጠሚያ ከባድ ሸክም ግን ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ነው። የምርመራችን መሠረት ይህ ልዩነት ነው።

አንድ ሌላ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የመግቢያው ቱቦ የገንዳውን ጠርዝ ተሻግሮ በሚያልፍበት ሥፍራ ከውኃው ወለል በላይ ስለሆነ በዚያ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነው። በዚህ ሥፍራ ክፍተት ቢኖር ውኃ አይወጣም፤ አየር ግን ይገባል። ማጣሪያው የሚንኳኳ ድምፅ ካሰማና በመውጫው አረፋ ከላከ፣ ወለሉ ደረቅ ቢሆንም እንኳ መገጣጠሚያው መላላቱን ማወቅ ይቻላል። ማጣሪያው ገና በታጠበ ጊዜ የሚታየው አረፋ ግን በስፖንጁ ውስጥ የቀረ አየር ስለሆነ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጠፋል።

3. ስለ ጎማው ቀለበት

ኦ-ሪንግ የሚባለው የጎማ ቀለበት ትንሽ ዕቃ ቢሆንም የራሱ ታሪክ አለው። በዴንማርክ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ኒልስ ክሪስተንሰን ለዚህ ቀለበት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። አሳቡ ቀላል ነው። ክቡ ጎማ ከራሱ ውፍረት በትንሹ ዝቅ ባለ ቦይ ውስጥ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ሲጫነው ይጨፈለቃል፤ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ሲታገልም ሁለቱን ገጽታዎች ገፍቶ ክፍተቱን ያትማል። ግፊቱ ከፍተኛ በሆነባቸው መኪናዎች ግፊቱ ራሱ ቀለበቱን ወደ ክፍተቱ እየገፋ ይረዳዋል። በዓሣ ገንዳ ማጣሪያ ግን ግፊቱ ከአየሩ ግፊት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ይህን ያህል እርዳታ አይገኝም። ሥራው ሁሉ የተጣለው በጎማው የመለጠጥ ችሎታና በገጽታዎቹ ንጽሕና ላይ ነው። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ወይም አንዲት ክር ከቀለበቱ ሥር ብትገባ ውኃውን ለማሳለፍ የምትበቃው ስለዚህ ነው።

ጎማው ሳይቆረጥ የመለጠጥ ችሎታውን ብቻ ቢያጣ ምን ያህል ጉዳት እንደሚደርስ ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ነው። በዚያ ቀን ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ተሰባብራ 7 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት አደጋው የተነሣው የሮኬቱን መገጣጠሚያ ማተም ከነበረባቸው ቀለበቶች ነው፤ የሌሊቱ ብርድ ጎማውን ስላደነደነው በጊዜው ወደ ቅርጹ ሊመለስ አልቻለም። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ይህን ለሕዝብ ያሳየው የተጨፈለቀ ጎማ በበረዶ ውኃ ውስጥ በመንከር ነበር። በእኛ ማጣሪያ ጎማውን የሚያደነድነው ብርድ ሳይሆን ዕድሜ ነው፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። ቀለበቱ ሙሉ ሆኖ መታየቱ ብቻ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ቀለበቱን ለመመርመር ከቦዩ አውጥቶ ሦስት ነገር ማየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ውፍረቱ ክብነቱን ትቶ ጠፍጣፋ ከሆነ ሳይመለስ ተጨፍልቆ ቀርቷል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በጣት ሲታጠፍ ጥቃቅን ስንጥቅ ከታየበት አርጅቷል። ሦስተኛ፣ ወደ ቦዩ ሲመለስ ረዝሞ አልገባም ካለ የማይስማማው ቅባት ነክቶት አብጧል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀለበቱን መለወጥ እንጂ ማከም አይቻልም። ሦስቱም ካልታዩ ግን ቀለበቱ ደኅና ነውና መታጠብ ይበቃዋል።

4. የመፍሰሻውን ሥፍራ ስለ መፈለግ

ውኃ ከላይ ከወጣ በኋላ የበርሜሉን ጎን ተከትሎ ይወርዳል፤ ተጠራቅሞ የሚታየውም ከግርጌው ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ውኃው ከማጣሪያው ጭራሽ አልመጣም። ሞቃቱ የገንዳ ውኃ የሚልከው እንፋሎት በቀዝቃዛው ክዳን ላይ ጤዛ ሆኖ፣ ቱቦውን ተከትሎ ወርዶ በማጣሪያው ራስ ላይ ሊንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢደረግ መልካም ነው።

ሀ) በቅድሚያ የኤሌክትሪኩን ገመድ ከሶኬቱ መንቀል። እጅ በረጠበ ጊዜ፣ ወለሉም ውኃ በያዘ ጊዜ ይህን ሳያደርጉ ማጣሪያውን መንካት አይገባም፤ በአገራችን መስመር ያለው 220 ቮልት ሰውን ለመግደል ይበቃል። ሶኬቱ ራሱ ከረጠበ ከሳጥኑ ላይ መስመሩን ማጥፋት ነው።

ለ) ማጣሪያውን፣ ቱቦዎቹንና መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በፎጣ ፈጽሞ ማድረቅ፤ ከዚያም በደረቅ ጋዜጣ ላይ ማቆም።

ሐ) በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ዙሪያ አንዳንድ ቁራጭ ደረቅ ሶፍት ማሰር። ቱቦው ገንዳውን በሚሻገርበት ሥፍራም አንድ ቁራጭ ማሰር ያስፈልጋል፤ ይህ ከላይ የሚወርደውን ጤዛ ለመለየት ይረዳል።

መ) ሞተሩ እንደ ቆመ ቫልቮቹን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅና በመጀመሪያ የረጠበውን ወረቀት መመዝገብ። ዋጋ ያለው በመጀመሪያ የረጠበው ነው፤ ዘግይተው የሚረጥቡት ውኃው ያለፈባቸው መንገዶች ብቻ ናቸው።

ሠ) እንደገና አድርቆ፣ ወረቀቶቹን ለውጦ፣ አሁን ሞተሩን አስነሥቶ ያንኑ ያህል ጊዜ መጠበቅ።

የሁለቱ ሙከራዎች ውጤት ሲነጻጸር ነገሩ ይገለጣል። ፍሳሹ ሞተሩ ሲቆም የሚብስና ሲሠራ የሚቀንስ ከሆነ ጥፋቱ በበርሜሉ ወገን፣ አብዛኛውን ጊዜም በትልቁ ቀለበት ላይ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ብቻ የሚታይ ከሆነ ጥፋቱ በመውጫው ወገን ነው፤ ያን ጊዜ ቱቦውን ከማጥበቅ በፊት መውጫው ተደፍኖ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። በሁለቱም ጊዜ እኩል የሆነ እንደ ሆነ የመጀመሪያውን እርጥብ ወረቀት ማመን ነው። የላይኛው ወረቀት ብቻ ከረጠበ ደግሞ ማጣሪያው ከነቀፌታ ነጻ ነው።

በገንዳው ላይ መሞከር የሚያሰጋ ከሆነ ማጣሪያውን ወደ ደጅ አውጥቶ፣ በሳፋ ውስጥ አስቀምጦ፣ ውኃ ሞልቶ፣ ሁለቱንም ቱቦዎች ከክዳኑ 1.2 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ አስሮ በውኃ መሙላት ይቻላል። ግፊቱን የሚወስነው የውኃው ብዛት ሳይሆን ከፍታው ስለሆነ በቱቦ የተያዘው ጥቂት ውኃ የገንዳውን ያህል ግፊት ይሰጣል። ይህ የፓስካል ሕግ በክፍል ከተማርነው ወጥቶ በሥራ የሚታይበት ጥሩ ምሳሌ ነው።

5. መድኃኒቱ

ጥፋቱ በትልቁ ቀለበት ከሆነ ቀለበቱን፣ ቦዩንና ክዳኑ የሚያርፍበትን ጠርዝ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ ይገባል። በቦዩ ውስጥ ነጭ የኖራ ቅርፊት ካለ በኮምጣጤ አርሶ ማስለቀቅ፣ በመጨረሻም በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ነው። በብረት መፋቅ ግን ፕላስቲኩን ስለሚጭር ለውኃው አዲስ መንገድ ያበጃል።

ከታጠበ በኋላ ቀለበቱን የሲሊኮን ግራሶ በስሱ መቀባት ይጠቅማል። የቅባቱ ሥራ ክፍተት መድፈን አይደለም፤ ቀለበቱ ሳይጠመዘዝ ተንሸራትቶ ሥፍራውን እንዲይዝ ነው። በየሱቁ የሚገኘው ቫዝሊን ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ስለሆነ ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የሚባለውንና የተፈጥሮውን ጎማ ያሳብጣል። የምግብ ዘይትና ቅቤም ይበላሻሉ። ቀለበቱ ራሱ ከሲሊኮን የተሠራ ከሆነ ግን የሲሊኮን ግራሶም ሊያሳብጠው ስለሚችል የፋብሪካውን መመሪያ መከተል ይሻላል።

ክዳኑ ሲዘጋ መቆለፊያዎቹን በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ መዝጋት ይገባል። አንዱ ወገን ቀድሞ ከተጫነ ቀለበቱ በሌላው ወገን ከቦዩ ይወጣል። መቆለፊያው በቀላሉ አልዘጋ ካለ በኃይል መግፋት የለም፤ ከፍቶ ማየት ነው፤ ምክንያቱም ጠንክሮ መዝጋት የጎማውን ጥፋት ወደ ፕላስቲኩ ያዛውረዋል።

ጥፋቱ በቱቦው ጫፍ ከሆነ ቱቦው በዕድሜ ደንድኖ መያዝ አቅቶት ይሆናል። ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከጫፉ ቀጥ አድርጎ ቆርጦ፣ አዲሱን ጫፍ በሙቅ ውኃ አለስልሶ እስከ መጨረሻው መሰካትና ማጥበቂያውን መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በቫልቮቹ ያሉት ትናንሽ ቀለበቶች እንደ ትልቁ ይታጠባሉ፣ ይመረመራሉ። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ግን ያን ክፍል መለወጥ እንጂ በማጣበቂያ መተማመን አይገባም። ከላይ እንዳየነው ከ20 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ኃይል ያለ ዕረፍት የሚገፋው ስንጥቅ አንድ ሌሊት ይከፈታል።

6. በጥገናው ጊዜ ዓሦቹን ስለ መጠበቅ

ማጣሪያው ቆሻሻ መያዣ ብቻ አይደለም። በስፖንጁና በሸክላው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ዓሦቹ የሚያወጡትን መርዛም አሞንያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወዳነሰው ናይትሬት ይለውጣሉ። ይህን ሥራ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ተከፋፍለው እንደሚሠሩት ለረዥም ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ከኒትሮስፒራ ወገን የሆኑ አንዳንድ ባክቴሪያዎች መላውን ሥራ ብቻቸውን መፈጸም እንደሚችሉ ታወቀ፤ ከተገኙባቸው ሥፍራዎችም አንዱ ከዓሣ ማርቢያ ጋር የተያያዘ ማጣሪያ ነበር። እነዚህ ሕያዋን ርጥበትና ኦክሲጅን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጥገናው እስኪያልቅ ስፖንጁንና ሸክላውን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ በባልዲ ማቆየት ይገባል። የከተማው የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት እነርሱን ለማጠብ አይስማማም።

የኦክሲጅኑም ነገር በአዲስ አበባ ላለን ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የባሕር ጠለል ላይ ያለ ውኃ በሊትር 8.2 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ከተማችን ግን አየሩ ስለሚሳሳ መጠኑ ከ6 ሚሊግራም ብዙም አይበልጥም። ማጣሪያው ቆሞ የውኃው ወለል ካልተንቀሳቀሰ፣ ዓሦቹም ብዙዎች ከሆኑ፣ ይህ ትንሽ ስንቅ ቶሎ ያልቃል። አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ከሌለም የገንዳውን ውኃ በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መመለስ ያስፈልጋል።

ለወደፊቱ ደግሞ የጉዳቱን መጠን መወሰን ይቻላል። ማጣሪያው ሲፈስ ገንዳው የሚጎድለው የመግቢያው ወንፊት እስካለበት ድረስ ነው። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40 ሴንቲሜትር በሆነ ገንዳ ወንፊቱ ከወለሉ 40 ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ 160 ሊትር ሊፈስ ይችላል። በመግቢያው ቱቦ ላይ ከውኃው ወለል 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ ቢበሳ ግን ውኃው ከዚያ ሲያንስ አየር ገብቶ ፍሰቱን ስለሚያቋርጥ ጉዳቱ በ12 ሊትር ሊወሰን ይችላል። የመውጫው ቱቦ ጫፍም ከወለሉ ብዙ መጥለቅ የለበትም፤ አለዚያ ውኃው በዚያ በኩል ይመለሳል። ፍሳሹ ኃይለኛ ከሆነ ትንሽ ቀዳዳ በቂ አየር ላያስገባ ስለሚችል በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም። ማጣሪያውን በሳፋ ውስጥ ማቆም፣ የኤሌክትሪኩም ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንዲመለስ ማድረግ ይጨመርበት፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከዝቅተኛው ሥፍራ ወደ መሬት ይወድቃል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይደርስም።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የማጣሪያ ማንጠባጠብ ዕድል ያመጣው ነገር ሳይሆን ምክንያቱ የሚታወቅ ነገር ነው። ግፊቱ ከከፍታው ይመጣል፤ ማተሙ ከጎማው የመለጠጥ ችሎታና ከንጽሕና ይመጣል፤ የጥፋቱም ሥፍራ ሞተሩ ሲሠራና ሲቆም በሚታየው ልዩነት ይገለጣል። ከተጠገነ በኋላ የመጨረሻው ፈተና ያው ነው፤ ማጣሪያውን ሞልቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ በደረቅ ጋዜጣ ላይ ግማሽ ሰዓት ማቆየት። ለትልቁ ቀለበት ከዚህ የሚከብድ ሸክም የለምና ጋዜጣው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ሞተሩን ማስነሣትና የመውጫውን መገጣጠሚያ ያንኑ ያህል ጊዜ መጠባበቅ ብቻ ይቀራል።